በ39 እና በ40 መካከል

የዩኒቨርሲቲ የፈተና፣ የግሬድና የመባረር ሕግ ልጆቻችንን እንዴት ይዳኛል?

ፈተናው የተባለው ለጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግን የመማሪያ ሕንፃው ኮሪደር በፍሬሽማኖች ተሞልቷል። ግማሾቹ ግድግዳ ተደግፈው ኮፒ የተደረገ ሃንድአውት ያገላብጣሉ፤ ሌሎቹ «ይህቺማ ሳትወጣ አትቀርም» የሚሏትን ጥያቄ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ጥግ ላይ ጋቢ የደረበ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ፎርሙላ ይሁን ጸሎት ከሩቅ አይለይም።

በሩ ሲከፈት ጫጫታው ይቆማል። ሁለት ፈታኞች መታወቂያ እያዩ አንድ በአንድ ያስገባሉ። ቦርሳውና ስልኩ ከሰሌዳው ሥር ይከመራል። አቀማመጡ አንድ ወንበር እየተዘለለ ሲሆን፣ ጎን ለጎን ለተቀመጡት የተለያየ ኮድ ያለው ወረቀት ይታደላቸዋል። ከፈታኞቹ አንዷ ፈተናው የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት በጠመኔ ትጽፍና ሕጉን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ግማሽ ሰዓት ያረፈደ አይገባም፤ አጤሬራ የተገኘበት ወረቀቱን ተቀምቶ ይወጣል፣ ኮርሱም ኤፍ ይሆንበታል፣ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው። የፊርማ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ይጀምራል። ከኋላ አንዲት ልጅ ገና ከአሁኑ ትርፍ ወረቀት ለመጠየቅ እጇን አውጥታለች።

ይህን ሕግ ልጆቹ ያውቁታል። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ሲሰሙት የኖሩት ነው። የማያውቁት፣ ከዚህ ክፍል ከወጡ በኋላ ወረቀታቸው ላይ የሚሠራውን ሕግ ነው። ማርክ ወደ ግሬድ፣ ግሬድ ወደ ነጥብ፣ ነጥቡ ደግሞ «ቀጥል» ወይም «ሻንጣህን አዘጋጅ» ወደሚል ውሳኔ የሚለወጥበትን መንገድ ብዙዎቹ የሚያዩት ውሳኔው ከደረሰባቸው በኋላ ነው። እኔ ይህን ዘገባ ለመጻፍ የተነሣሁት ሕጉ ራሱ ክፉ ነው ብዬ አይደለም። እንዲያውም አንብቦ ለተረዳው ሰው ተማሪው ከሚያስበው በላይ ርኅራኄ አለው። ችግሩ ርኅራኄው የሚደርሰው ለሚያውቀው ብቻ መሆኑ ነው።

አንዲት ማርክ ስንት ናት?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት የሚሰላው ከ4.00 ነው። ኤ 4 ነጥብ፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ዜሮ። በመካከላቸው ፕላሶቹና ማይነሶቹ አሉ፤ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ ማይነስ 1.75። እዚህ ድረስ ማንም ተማሪ በቃሉ ይለዋል።

እያንዳንዱ ፊደል የሚጀምርበት ማርክ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ይለያያል። በብዙዎቹ ግን ከ90 በላይ ኤ ፕላስ ነው፤ ከ50 እስከ 60 ሲ፣ ከ45 እስከ 50 ሲ ማይነስ፣ ከ40 እስከ 45 ዲ። ከ40 በታች ያለው ወድቋል። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ከ30 እስከ 40 ያገኘው «ኤፍ ኤክስ» ይባላል፤ ኮርሱን ከሥር መድገም ሳያስፈልገው ድጋሚ ፈተና የመቀመጥ ዕድል አለው። ከ30 በታች ከሆነ ግን ኮርሱን እንደገና መውሰድ ግድ ነው።

እስቲ አንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽማን በሐሳባችን እንያዝ። በ2012 ዓ.ም በተመለሰው የጋራ የአንደኛ ዓመት ትምህርት መሠረት ስድስት ኮርስ ወስዷል እንበል፤ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ፊዚክስ እና ሒሳብ። ስፖርቱ «ፓስ» ወይም «ፌይል» ብቻ ስለሆነ ከስሌቱ ውጭ ነው። የስድስቱም ክሬዲት እኩል ነው። በሳይኮሎጂና በጂኦግራፊ ሲ ፕላስ፣ በእንግሊዝኛና በሎጂክ ሲ አገኘ። ፊዚክስ 44 መጣለት፤ ዲ። ሒሳብ 39፤ ኤፍ ኤክስ። ነጥቦቹ ሲደመሩ 10 ይሆናሉ፤ ለስድስት ሲካፈሉ 1.67።

አሁን ሒሳቡ 39 መሆኑ ቀርቶ 40 ይሁንለት። አንዲት ማርክ ናት፤ አንድ ያልተጨረሰ ስሌት፣ አንድ የተረሳ የመቀነስ ምልክት። ነጥቡ 11 ይሆንና ውጤቱ ወደ 1.83 ይወጣል። ፊዚክሱም ሒሳቡም 45 ቢሆኑለት ደግሞ 2.08 ይገባል። በ1.67 እና በ2.08 መካከል ያለው ርቀት ስንት እንደሆነ ቀጥሎ እናየዋለን፤ ለአሁኑ ግን ይህን ልብ እንበል። ያ ርቀት ከ600 ማርክ ውስጥ የ7 ማርክ ጉዳይ ነው።

«ከ44 ወደ 45 የምታሻግር አንዲት ማርክ፣ ከቢ ፕላስ ወደ ኤ ከሚያደርሰው ሙሉ ጉዞ ይልቅ ብዙ ነጥብ ታስገኛለች።»

ይህ የስሌቱ ጠባይ ነው። ከዲ ወደ ሲ ማይነስ መሻገር 0.75 ነጥብ ይሰጣል፤ ከቢ ፕላስ ወደ ኤ መሻገር 0.5 ብቻ። ከ90 በላይ ያለችው እያንዳንዷ ማርክ ደግሞ ለጂፒኤ ምንም አትጨምርም፤ ኤ ፕላስም ኤም ያው 4 ናቸው። ስለዚህ ደረጃዎቹ እኩል የተሠሩ አይደሉም፤ ታች ያሉት ረጃጅም፣ ላይ ያሉት አጫጭር ናቸው። ይህን የተረዳ ደካማ ተማሪ የሚያጠናበትን ሰዓት የሚያከፋፍለው በሌላ መንገድ ነው። ሳይኮሎጂን ከሲ ፕላስ ወደ ቢ ማይነስ ለማድረስ የሚደክምበትን ሌሊት ለሒሳብ ይሰጠዋል። የሲኒየር ምክር የሚያገኝ ልጅ ይህን በመጀመሪያው ወር ይሰማል። ከወረዳው ብቻውን የመጣ ልጅ የሚሰማበት ቦታ የለውም።

የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው የሒሳብ መምህራን ድንበር ላይ በቆመ ወረቀት ጉዳይ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን 39 ላይ የቆመ ወረቀት ሲያጋጥመው መልሶ ያነበዋል፤ የጎደለች ግማሽ ማርክ ካለች ይፈልጋታል፣ ካጣም 39 ብሎ ያልፋል። ሌላው ወገን ይህን እንደ ማድላት ይቆጥረዋል፤ 39ኙን መልሶ የሚያነብ መምህር 52ቱንም መልሶ ማንበብ አለበት ይላል። ሁለቱም ክብር የሚገባቸው አቋሞች ናቸው። እኔ ግን ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ። ወረቀቱ ድንበር ላይ ከቆመ ውሳኔው ከባድ ነው፤ ከባድ ውሳኔ ደግሞ ሁለተኛ ንባብ ይገባዋል።

ዋርኒንግ፣ ፕሮቤሽን፣ ኤዲ

ሴሚስተሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ ተማሪ ከጂፒኤው ጎን አንድ ቃል ይጻፍለታል። 2.00 እና ከዚያ በላይ ያለው አልፏል። የአንደኛ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተርን በተመለከተ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት እንዲህ ነው፤ ከ1.75 እስከ 2.00 ያለው ዋርኒንግ፣ ከ1.50 እስከ 1.75 ያለው ፕሮቤሽን፣ ከዚያ በታች የወረደው ደግሞ ተማሪዎቹ «ኤዲ» የሚሉት የትምህርት ስንብት። በሐሳባችን የያዝነው ልጅ በ39ኙ ምክንያት ፕሮቤሽን ላይ ነው። በ40 ዋርኒንግ ይሆን ነበር። በሁለቱ 45ቶች ያለ ምንም ስጋት ወደ ሁለተኛው ሴሚስተር ያልፍ ነበር።

ዋርኒንግና ፕሮቤሽን ቅጣት አይደሉም። ተማሪው ትምህርቱን ይቀጥላል፣ ዶርሙን አይለቅም፣ ካፌ ይበላል። የሚለወጠው የሚቀጥለው ሴሚስተር ክብደት ነው። ፕሮቤሽን ላይ ያለ ተማሪ በቀጣዩ ሴሚስተር የተጠየቀውን ያህል ካላሻሻለ ይሰናበታል። ከአንደኛ ዓመት በኋላ ደግሞ የሴሚስተሩ ውጤት ብቻ ሳይሆን የተጠራቀመውም አብሮ ይታያል፤ አንድ መጥፎ ሴሚስተር ያለፉትን መልካሞች ይዞ እንዳይወርድ፣ የቆየ ድክመትም በአንድ ጥሩ ሴሚስተር ተሸፍኖ እንዳይቀር።

የሕጉ ርኅራኄ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪውን ከመጣሉ በፊት ያስጠነቅቀዋል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ የሚጠቅመው የሚያስጠነቅቅ ሰው ሲኖር ነው። በፊት ውጤት በመታወቂያ ቁጥር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ በነበረበት ጊዜ ቢያንስ የዲፓርትመንቱ በር ላይ ሰው ነበር። አሁን ልጁ ሌሊት ዶርም አልጋው ላይ ተኝቶ ስልኩን ይከፍታል፤ ኔትወርኩ ይሄዳል ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ ገጹ ሲከፈት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ያነባል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በዶርሙ ልጆች ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንዱ «ዋርኒንግ ምንም አይደለም ባክህ» ይለዋል። ሌላው «አለቀልህ» ይለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የሬጅስትራር ሠራተኞች በየዓመቱ ደጋግመው የሚያነሡት ነገር አለ። ፕሮቤሽን ላይ ሆነው ግቢውን ጥለው የሚሄዱ ልጆች አሉ። «ተባረርኩ» ብለው ያምናሉ፤ ወይም ለቤተሰብ መንገር ያፍራሉ። ዊዝድሮዋል ሳይሞሉ፣ ክሊራንስ ሳይጨርሱ፣ የላይብረሪ መጽሐፍ በሻንጣቸው እንደያዙ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ፎርም ሞልቶ የወጣ ተማሪ በሕጋዊ መንገድ መመለስ ይችላል፤ ዝም ብሎ የጠፋው ግን «አቋርጦ የሄደ» ተብሎ ይመዘገባል፣ ጉዳዩም በእጅጉ ይከብዳል። የታመመ ተማሪም እንደዚሁ ነው። የሕክምና ወረቀቱን ይዞ በጊዜው ያመለከተ ሴሚስተሩ አይቆጠርበትም፤ ከነሕመሙ ፈተና ተቀምጦ የወደቀ ግን ኤፉ ያው ኤፍ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ገጽ ፎርምና አንድ የጊዜ ገደብ ነው።

ማንም የማያነበው ሰነድ

እነዚህ ሁሉ ደንቦች የሚገኙት የሴኔት ሌጂስሌሽን በሚባለው ሰነድ ውስጥ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አጠቃላይ ማዕቀፉን ያስቀምጣል፤ ዝርዝሩን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በሴኔቱ ያወጣል። ምዝገባ፣ አድ እና ድሮፕ፣ የክፍል ተገኝነት፣ ፈተና፣ ግሬድ፣ ይግባኝ፣ ስንብት፣ ዳግም ቅበላ፣ ምረቃ፤ ሁሉም እዚያ አለ። ሰነዱ ወፍራም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም በሕግ እንግሊዝኛ።

እስቲ የሚያነበውን ሰው እናስብ። 18 ዓመቱ ነው። እንግሊዝኛን እንደ ትምህርት ዓይነት ተምሯል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ የማስተማሪያ ቋንቋው ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ ግን መምህሩም ተማሪውም በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ እየተረዳዱ ነው የተሻገሩት። አባቱ ገበሬ ነው፣ ወይም እናቱ ጉልት ትቸረችራለች። ልጁ ፕሮቤሽን ላይ ነው የሚል ወሬ ቢደርሳቸው ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳቸው ማንም የለም። ልጃቸውን የሚዳኘውን ሕግ በሚሰሙት ቋንቋ የሚያገኙበት መንገድ ዛሬም የለም።

እኔ ይህን በጣም ቀላል፣ ግን በጣም ትልቅ በደል አድርጌ ነው የማየው። የግሬድ፣ የስንብትና የይግባኝ አንቀጾቹ ብቻ ቢወጡ ከጥቂት ገጽ አይበልጡም። ወደ አማርኛ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ወደ ትግርኛ፣ ወደ ሶማሊኛ ተተርጉመው የዶርም ቁልፍ ሲሰጥ አብረው ቢታደሉ የሚያስከትሉት ወጪ ከፎቶኮፒ አያልፍም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሎጂክ ይማራል፤ የራሱን ጂፒኤ ማስላትና «ዲ ካገኘሁ ምን ይከተላል?» ብሎ ማሰብ ለዚያ ኮርስ ጥሩ መልመጃ ነበር።

«ልጃቸውን የሚዳኘውን ሕግ በሚሰሙት ቋንቋ የሚያገኙበት መንገድ ዛሬም የለም።»

ከ«ስኬል» ወደ ቁርጥ ማርክ

የአገራችን ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲጀመር ተማሪው እፍኝ የማይሞላ ነበር። መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል። ኮሌጆቹ በ1954 ዓ.ም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲጠቃለሉና ስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ግቢ ዋና ካምፓስ ሲሆን፣ የማለፊያ ደንቡም አብሮ መልክ ያዘ። በዚያ ዘመን ለዲግሪ የሚያበቃው ግሬድ ብቻ አልነበረም። ከ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። ዛሬ አዛውንት የሆኑ ብዙ ምሩቃን ስለ ዩኒቨርሲቲ ዘመናቸው ሲጠየቁ ከየትኛውም ኮርስ በፊት የሚያነሡት ያንን ዓመት ነው።

የቀድሞዎቹ ተማሪዎች ስለ ግሬድ ሲያወሩ የሚያዘወትሩት ቃል «ስኬል» ነው። ውጤቱ በክፍሉ አማካይ ዙሪያ ይደለደል ነበር፤ አንተ ያመጣኸው 60 ጓደኞችህ ባመጡት ላይ ተመሥርቶ ቢም ሲም ሊሆን ይችላል። ከባድ ፈተና ያወጣ መምህር ሁሉንም አይጥልም፤ ጎበዝ ክፍል ውስጥ የገባ መካከለኛ ተማሪ ግን ይጎዳል። ማስታወሻ መደባበቅም ከዚያ የመጣ ነው። ወደ ሞጁላር ካሪኩለም በተገባበት ወቅት፣ በ2000ዎቹ፣ አሠራሩ ወደ ቁርጥ ማርክ ዞረ። 50 ካመጣህ ሲ ነው፣ ማንም ምንም ቢያመጣ። በመርህ ደረጃ ይህ የተሻለ ነው፤ ተማሪው ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከኮርሱ ጋር ነው የሚታገለው። ከዚያ ወዲህ ግን የፈተናው ክብደት ሁሉ መምህሩ ትከሻ ላይ ወደቀ። ፈተናው ከልክ በላይ ከከበደ የሚያስተካክለው ነገር የለም፤ ከልክ በላይ ከቀለለም እንደዚሁ።

በዚያው ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ቁጥር ተለወጠ። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የነበሩን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። ይህ መስፋፋት ለስንት ወረዳ ልጅ በር እንደከፈተ ማንም አይክድም፤ እኔም በሙሉ ልቤ የምደግፈው ነው። ሕጉ ግን ለትንሽ ክፍል የተጻፈ ሆኖ ትልቅ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው።

ሃምሳው ከየት ይመጣል?

ለትንሽ ክፍል የተጻፈው ሕግ በትልቅ ክፍል መሥራቱ በግልጽ የሚታየው ተከታታይ ምዘና ላይ ነው። ከመቶው ግማሽ ያህሉ ከፋይናል በፊት መሰብሰብ አለበት፤ ኩዊዝ፣ ሚድ፣ አሳይመንት፣ ፕሮጀክት፣ ፕረዘንቴሽን። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ተማሪው አንድ ቀን ታምሞ ዓመቱን እንዳያጣ፣ ድክመቱንም ገና በሁለተኛው ሳምንት እንዲያውቅ ያደርጋል። ስሌቱ ደግሞ በደንብ የታሰበበት ነው። በኛ ካሪኩለም የኮርስ ክብደት መለኪያ የሆነው አንድ ኢሲቲኤስ 27 የሥራ ሰዓት ነው። አምስት ኢሲቲኤስ ያለው ኮርስ 135 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ ክፍል ውስጥ የሚያልፈው 48ቱ ነው፣ 87ቱ ተማሪው በራሱ የሚያጠናበት፣ የሚሠራበትና የሚጽፍበት ነው። ይህን ቁጥር ስንቱ ፍሬሽማን ሰምቶታል?

በተግባር አንድ ወጣት ሌክቸረር ሦስት ሴክሽን ይይዛል። በየሳምንቱ ኩዊዝ ቢሰጥ የሚታረመው ወረቀት ክምር ነው። ስለዚህ የቡድን አሳይመንት ይሰጣል፤ ስድስት ልጆች ስማቸውን ይጽፋሉ፣ አንዲት ልጅ ትሠራዋለች፣ ስድስቱም ከ20 18 ያገኛሉ። ይህን መምህሩም ያውቃል፣ ተማሪዎቹም ያውቃሉ። አንዳንድ መምህራን ሳይደብቁ እንደሚሉት፣ የቡድን ማርኩ ባይኖር ኖሮ ክፍሉ ግማሽ በግማሽ በወደቀ ነበር። ይህ አባባል ከልብ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በዚያ 18 ምክንያት የልጁ ድክመት ማንም ሳያየው ከሴሚስተር ወደ ሴሚስተር ይሸጋገራል። የሠራችው ልጅም ተበድላለች፤ ድካሟ ለስድስት ተካፍሏል።

ከሁሉ የሚብሰው ወረቀት አለመመለሱ ነው። የሚድ ወረቀቱን ሳያይ ፋይናል የሚቀመጥ ተማሪ ብዙ ነው። ምን እንደሳተ ካላወቀ ያንኑ ስህተት ይደግመዋል፤ ተከታታይ ምዘናም በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ውጤት ሲወጣ ቅር የተሰኘ ተማሪ መብት አለው። መጀመሪያ መምህሩን ያናግራል፤ ካልተስማማ ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ ያመለክታል፤ ወረቀቱ በሌሎች መምህራን እንደገና ይታረማል። የጊዜ ገደቡ አጭር ስለሆነ ውጤት በወጣ በዚያው ሰሞን መሮጥ ያስፈልጋል፤ ልጁ ግን በዚያ ጊዜ ለእረፍት አገር ቤት ነው። ይግባኝ ማለት መምህሩን መክሰስ የሚመስላቸው ተማሪዎችም አሉ፤ «ነገ ሌላ ኮርስ ያስተምረኛል፣ ጥርስ ይነክስብኛል» ይላሉ። ቀና የሆነ መምህር ይህን ፍርሃት በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስወገድ ይችላል፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ «ግሬዳችሁ ካልተዋጠላችሁ ኑ፣ ወረቀቱን አብረን እናየዋለን» ብሎ።

በግሬድ ቦታ ስለሚታዩት ስለ ኤንጂ እና ስለ አይ ትንሽ ልበል። ኤንጂ ማለት መምህሩ ግሬድ አላስገባም ማለት ነው፤ ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። አይ ግን ያልተሟላ ነገር አለ ማለት ነው፤ በቀጣዩ ሴሚስተር መጀመሪያ በተሰጠው ጊዜ ካልተሟላ ወደ ኤፍ ይለወጣል። ሁለቱን እያምታቱ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ልጆች አሉ። አይ ያለበት ተማሪ መጠበቅ የለበትም።

ሁለተኛው ሃምሳ

እስከ 2015 ዓ.ም ድረስ ኮርሱን ጨርሶ፣ የተጠራቀመ ጂፒኤውን 2.00 አድርሶ፣ ኤፍ የሌለበት ተማሪ ይመረቅ ነበር። የሕግ ተማሪዎች ብቻ ቀደም ብለው የመውጫ ፈተና ይቀመጡ ነበር፤ የጤና ተማሪዎችም የሙያ ፈቃድ ፈተና ነበረባቸው። ሐምሌ 2015 ላይ ኤግዚት ኤግዛም በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስክ ግዴታ ሆነ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ማለፊያው 50። 50 ያላመጣ፣ ጋውን ቢለብስም፣ ዲግሪ አያገኝም።

በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት ከመጡት ከግማሽ በላይ አልፈዋል፤ ከግል ኮሌጆች ግን ከአምስት አንድ እንኳ አልሞላም። ይህ ውጤት ብዙ ቤት ውስጥ ለቅሶ አስቀምጧል። ያንኑ ዓመት ጥር ላይ ውጤቱ ይፋ ከሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጋር ሲደመር፣ 50 ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩና፣ አገሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ደነገጠ።

ይህን ከግሬድ ሕጉ ጋር አያይዘን እንየው። 2.00 ማለት አማካይ ሲ ነው። ሲ የሚጀምረው ከ50 ነው። የመውጫ ፈተናውም የሚጠይቀው 50 ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ መስመር ናቸው። ታዲያ በግቢው ሕግ ሃምሳውን ያሟላ ሰው በመውጫ ፈተናው ለምን ሃምሳውን ያጣዋል? ከፊሉ መልስ ፈተናው የአራትና የአምስት ዓመት ትምህርት በአንድ ቀን ስለሚጠይቅ ነው፤ ሰው ይረሳል። ከፊሉ ግን ያ የቡድን 18 ነው። ከሃምሳው ብዙው በአሳይመንት የተሞላ ሲ፣ ብቻውን ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ሲ አይሆንም።

«በወረቀት ላይ ሁለቱ ሃምሳዎች አንድ መስመር ናቸው።»

የመውጫ ፈተናውን የሚቃወሙ ሰዎች ዳፋው ተማሪው ላይ ብቻ ማረፉን ያነሣሉ። አራት ዓመት ደካማ ትምህርት የሰጠ ተቋም ክፍያውን ተቀብሏል፤ ተማሪው ባዶ እጁን ነው። የሚደግፉት ደግሞ ቀጣሪው ዲግሪን ማመን ካቆመ ቆየ፣ ፈተናው እምነቱን ይመልሳል ይላሉ። እኔ ፈተናው መኖሩን እደግፋለሁ፤ መጀመሪያ ያልታየውን ነገር ያሳየ እሱ ነው። ግን ዕዳው በተማሪው ላይ ብቻ መውደቁን አልቀበልም። በአንድ ዲፓርትመንት አብዛኞቹ ተማሪዎች ከወደቁ፣ መጠየቅ ያለበት ማን ነው? የነዚያን ልጆች ሲ እና ቢ የፈረመው ዲፓርትመንቱ ነው።

የወደቀ ተማሪ እንደገና መቀመጥ ይችላል፤ ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥርና በሰኔ ሰሞን ይሰጣል። ነገር ግን ኮርሱን ስለጨረሰ ክሊራንስ ሞልቷል። ዶርሙን አስረክቧል፣ የካፌ ካርዱን መልሷል፣ ላይብረሪውም አያስገባውም። የሚያጠናው ቤቱ ሆኖ፣ ጓደኞቹ በቴሌግራም የሚልኩለትን የቀድሞ ጥያቄ በስልኩ እያነበበ ነው፤ መብራት ካለ፣ ዳታ ከተሞላ። መምህራኑ ያውቁታል፣ ድክመቱ የት የት እንደሆነም የውጤት ዝርዝሩ ይናገራል። ቢያንስ የላይብረሪ መግቢያው እስከሚቀጥለው ፈተና ድረስ ቢራዘምለት፣ ዲፓርትመንቱም በሳምንት አንድ ቀን ቱቶሪያል ቢከፍትለት፣ የሚከለክለው የሴኔት አንቀጽ የትኛው ነው?